ካሜራውን ማን ያስተምረው?

በምሠራበት የጠርሙስ ፋብሪካ ስንጥቅ የምለየው በዓይኔ ነበር። ባለፈው ዓመት ካሜራ ሲተከል «እንጀራዬ አበቃ» ብዬ ሰጋሁ።

ኮምፒውተሩ የሚማረው ከምሳሌ ነው። የተሰነጠቀ ጠርሙስ ብዙ ስለማይገኝ፣ እንከን የሌለባቸው ጠርሙሶች ፎቶ በብዛት ይሰጠዋል፤ ከእነሱ የተለየውን ሁሉ ይጠረጥራል። የውኃ ጠብታ ግን ስንጥቅ ይመስለዋል። ስለዚህ የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው አሁን እኔ ነኝ።

አንድ ሌሊት ደክሞኝ እውነተኛውን ስንጥቅ «ጠብታ ነው» ብዬ መዘገብኩ። ኮምፒውተሩ አልተከራከረኝም፤ ስህተቴንም እንደ እውነት ሊማረው ነው። ደንግጬ ተመለስኩና አስተካከልኩት።

ለልጄ ስነግራት «አባዬ፣ አስተማሪ ሆንክ ማለት ነው» አለችኝ።

እርስዎም ሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ማሽን ከገባ፣ ከመስጋትዎ በፊት ማን እንደሚያስተምረው ይጠይቁ።