የዝናቧ እመቤት በድርቅ ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ለቤታችን የሚያስፈልገውን ለመግዛት ወደ ሳሪት ሴንተር ሄደን ስንመለስ፤ በምንኖርበት በናይሮቢ ዌስትላንድስ ሠፈር፤ ከመንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ አንድ ሰው ዘንድ ቆምን። ከተማሪ መጻሕፍትና ከመኪና መጽሔቶች መካከል ጠርዙ የተበላ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አየን። ስሙ «ኤክስ ሜን» ነው፤ ቍጥሩ 198፤ ጊዜው ጥቅምት 1985 እ.ኤ.አ.። ዋጋውን ሳንከራከር ከፈልን፤ ይህም ነጋዴውን ሳያስገርመው አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነታችን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፤ ከባሕር ማዶ በሣጥን ከመጡት መጻሕፍት ጋራ ይኸው ቍጥር ሽፋኑ ተገንጥሎ ይገኝ ነበር። እንግሊዝኛን ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ ከእርሱ ተማርን ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ሆኖም አንብበን ስንጨርስ እጅግ ተናደድን። ዛሬ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፤ ያ ንዴት ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም ብለን ለመመርመር ፈለግን።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት መግለጽ ይገባናል። ኤክስ ሜን ማለት፤ ከተፈጥሯቸው ልዩ ኃይል ያላቸው ሰዎች የተሰበሰቡበት ጓድ ነው፤ ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1963 እ.ኤ.አ. የፈጠሩት። ጓዱ በ1975 እ.ኤ.አ. ከልዩ ልዩ አገር በተውጣጡ ሰዎች እንደ ገና ሲቋቋም፤ ከኬንያ ስቶርም የተባለች ወጣት ሴት ገባችበት። እናቷ የኬንያ ልዕልት፤ አባቷ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ሁለቱም በስዊዝ ጦርነት ጊዜ ካይሮ ላይ ቤታቸው ፈርሶባቸው ሞቱ። ልጅቱም በኋላ በእግሯ ወደ ደቡብ ተጕዛ ኬንያ ደረሰች። ነፋስና ደመና ስለሚታዘዙላት፤ የአገሩ ሰው እንደ አምላክ ቈጥሮ ዝናብ ይለምናት ነበር።

እንግዲህ ይህች የዝናብ እመቤት ኃይሏን ያጣችው መቼ ነው? በ1984 እ.ኤ.አ. በወጣው ቍጥር 185 ላይ ነው። ፎርጅ የተባለ ሰው የሠራው መሣሪያ መታትና እንደ ማንኛውም ሰው ሆና ቀረች፤ ኃይሏም እስከ 1988 እ.ኤ.አ. አልተመለሰላትም። በዚያው በ1984 እ.ኤ.አ. በትግራይና በወሎ ዝናቡ ጠፋ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው ዜና ለዓለም ታየ፤ ፊልሙን ያነሣውም የዚችው የናይሮቢ ተወላጅ መሐመድ አሚን ነበር። ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንት ይኸን አስቀድሞ አስቦ ያደረገው ነው ለማለት አንደፍርም። ለእኛ ለልጆቹ ግን ነገሩ ግልጽ ክሕደት ነበር። እናትና አባታችን ከድርቅ የተረፉ ናቸው፤ እርሷም ዝናብ በሚያስፈልግበት በዚያው ዓመት እጇን አጣጥፋ ተገኘች!

አሁን እንደ ገና ስናነበው በቍጥር 198 ውስጥ ስቶርም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ባሪ ዊንዘር ስሚዝ በሣለው በዚህ ታሪክ፤ ኃይሏን ያጣችው ሴት በአፍሪካ በረሓ ስትሄድ ሻኒ የተባለች ነፍሰ ጡር አግኝታ በመንገድ ታዋልዳታለች፤ ሕፃኑም ትንፋሽ ባጣ ጊዜ የራሷን እስትንፋስ ትሰጠዋለች። በሻኒ መንደር ግን ምድሪቱ ከተወሰነ ቍጥር በላይ ሰው ልትመግብ አልቻለችም። ስለዚህ አንድ ሕፃን ሲወለድ አንድ ሽማግሌ ወጥቶ ይሞታል። በዚህ ጊዜ ተራው የደረሰው ምጅናሪ የሚባለው ሽማግሌ ነው፤ ስቶርምም እስከ መጨረሻው ትሸኘዋለች። ዝናብ አታዘንብም፤ ጠላት አትመታም። በልጅነታችን ያናደደን ይኸው ነበር፤ አሁን ደግሞ ያስደሰተን ይኸው ሆነ። ደመና ጠርታ ብታዘንብ ኖሮ ታሪኩ ውሸት በሆነ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. የገደለው ሰማዩ ብቻ አልነበረምና። ጦርነት ነበረ፤ መንገድና ገበያ ተዘግቶ ነበር፤ በዚያው መስከረም አዲስ አበባ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍ ታከብር ነበር።

ያው አሳታሚ ማርቭል ከሁለት ወር በኋላ ያወጣውን ሌላ መጽሐፍም እናውቀዋለን። «ሂሮስ ፎር ሆፕ» ይባላል፤ ትርፉ ለአፍሪካ ረሃብተኞች ርዳታ እንዲውል የተዘጋጀ ነው። ብዙ ደራስያንና ሠዓልያን ጥቂት ጥቂት ገጽ እየተካፈሉ ሠሩት፤ እነ ስቲቨን ኪንግና አለን ሙር ሳይቀሩ ጽፈውበታል። የደጎቹን ሰዎች ልብ አንነቅፍም። በመጽሐፉ ግን ረሃብ፤ ከሰው ተስፋ መቍረጥ ምግቡን የሚያገኝ አንድ ጭራቅ ሆኗል። ጭራቅ ደግሞ አገር የለውም፤ መንግሥት የለውም፤ የዘጋውም መንገድ የለም፤ ስለዚህ ማንንም አያስጠይቅም።

(ዐማርኛ በመማር ላይ ለሚገኙት ባልደረቦቻችን እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ምግብ ያልቀመሰ ሰው ረሃብ ይሰማዋል፤ ረሃቡ ጸንቶ ጕልበቱን ሲያከዳው ጠኔ ይሆናል፤ አገሩን በሞላ ይዞ ሲሰነብት ግን ችጋር ነው። እኛም ከትግርኛችን ጥምየት የሚለውን ይዘን ወደ ዐማርኛ ስንሻገር፤ በመጀመሪያ ሦስቱን አደባልቀን አስተማሪያችንን አስቀናል። በሥራ ደብዳቤ ላይ ችጋር በሚገባበት ረሃብ ብሎ መጻፍ ነገሩን ያቀለዋል።)

ማታ እናታችን፤ ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተው እኛ ዘንድ የሰነበቱ ናቸው፤ መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው መነጽራቸውን አደረጉ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ሥዕሉን ብቻ ተመለከቱ። በ1977 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ ሳሉ ከሽሬ ተነሥተው፤ አውሮፕላን በመፍራት ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየተጓዙ፤ ሱዳን ወድ ከውሊ ድረስ በእግራቸው ሄደዋል። በተከታዩ ክረምት ዝናቡ ሲመለስ ለእርሻ ከተመለሱት ጋራ ተመለሱ። ይኸን ከዚህ በፊት በሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነግረውን ያውቃሉ፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ሻኒ የምትወልድበትን ገጽ አይተው፤

«ብቻዋን ናት እንዴ? ሌሎቹ የት ሄዱ?» አሉን።

«ሌላ ሰው የለም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው» አልናቸው።

«እንዲህማ አይደለም ልጄ። በእኛ መንገድ ፊትህም ኋላህም ሰው ነው። ከተከዜ ማዶ አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ጕዞው ቆመ፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ከለሏት፤ ወንዶቹም ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሕፃኑን በየተራ ተሸከምነው፤ እኔም አንድ ሌሊት ተሸክሜዋለሁ።»

ይኸን አልሰማንም ነበር። ስለ ሽማግሌው ስንተርክላቸውም በጥሞና አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእርሳቸው አያት፤ እኛ ጥሕኒ የምንለው በሶ ተበጥብጦ ሲታደል ሁልጊዜ «እኔ በልቻለሁ» ይሉ እንደ ነበር፤ ለሞት ወጥተው ሳይሄዱ፤ ማንንም ሳይሰናበቱ፤ ከልጆቹ መካከል እንደ ተቀመጡ አንድ ንጋት ሳይነሡ መቅረታቸውን ነገሩን። «ልጆች ነበርንና አመንናቸው» አሉ።

ከውጭ በዋያኪ ዌይ ላይ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው የድልድይ መንገድ የሚወርዱት መኪናዎች ድምፅ ይሰማል። ክሌርሞንትም ዊንዘር ስሚዝም ለሥራቸው ምስጋና ይገባቸዋል፤ ኃይል የሌላትን ሴት በእግሯ ማስኬዳቸው ትልቅ ነገር ነው። ባዶ በረሓ መሣላቸው ግን ከእንግዲህ ዓይናችንን ሳይቈረቍረው አይቀርም።

እናታችን መጽሐፉን አልዘጉትም። ጣታቸውን ከሻኒ ሥዕል ላይ አድርገው፤

«ይህች ልጅ ከወለደች በኋላ ውኃ የሰጧት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን።

እኛም ገጹን ወደ ኋላ እየመለስን መፈለግ ጀመርን።