የጀጎል ግንብና ጅቡ

አንባቢ ሆይ፣ ካቺሲ ላይ ሲመሽ ጅብ ይጮሃል፤ እኛም በራችንን ጠበቅ አድርገን እንዘጋለን። የሐረር ሰው ግን ሌላ ብልሃት ነበረው።

የጀጎልን ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር መሆናቸው ይነገራል። ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘው ይህ ግንብ ጥንታዊ በሮቹ አምስት ሲሆኑ 82 መስጊዶችን አቅፏል፤ ሦስቱ የ10ኛው መቶ ዘመን ሥራ ናቸው ይባላል። በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዩኔስኮ ከዓለም ቅርስ መዝገብ አስገብቶታል።

የሚያስደንቁት ግን ከግርጌው ያሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ናቸው። ጅብ ሌሊት በእነርሱ እየገባ የከተማውን ጥራጊ ሲለቃቅም ኖሯል። ጠላት ለመከላከል የቆመ ግንብ ለአውሬ እንኳ መግቢያ ተወለት!

ወዳጄ፣ ነገ ወንበር ስታገኝ ይህን አስታውስ። ጅብ ቀዳዳ ባገኘበት አገር ባለጉዳይ በር አይጣ።