ከገበያ የተሰበሰበ ቻርጀር ወዴት ይሄዳል?

ባለፈው ዓመት በጋ ላይ አንዲት እናት ሞያሌ ወዳለው ሱቄ መጡና በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። የስልክ ቻርጀር ነው። አንድ ጎኑ ቀልጦ ተጣሟል፤ ሶኬት ውስጥ የሚገባው እግሩ ጠቁሯል። «ልጄ፣ የልጅ ልጄ ፍራሹ ላይ አድርጎ ሰክቶት ተኝቶ ነበር። ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ» አሉኝ። አልተቆጡም። ገንዘቤን መልሺም አላሉም። ሌላ ቀይሪልኝ ነው ያሉት።

ይቅርታ ጠይቄ ቀየርኩላቸው። የሰጠኋቸው ግን ከዚያው ካርቶን ያወጣሁትን ነበር።

ያደረግሁት ነገር የገባኝ ማታ ሱቄን ዘግቼ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ሰፈራቸውን አጠያይቄ ሄድኩና ቻርጀሩን ተቀብዬ ገንዘባቸውን መለስኩ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ካርቶኑ 200 ፍሬ ነበረው። 64ቱ ሱቅ ውስጥ አለ። 1 ቀልጧል። 135ቱስ? 50ውን ወደ ያቤሎ ለምትወስድ ነጋዴ በጅምላ ሰጥቻለሁ። 85ቱን በችርቻሮ ሸጬዋለሁ፤ ለማን እንደሸጥኩት ግን አላውቅም። ኮሜርስ ስማር በስቶክ ካርድ ፈተና ጥሩ ውጤት አመጣ ነበር፤ ሱቄ ውስጥ ግን አንድም ስቶክ ካርድ የለም።

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ለሚገኘው አከፋፋዬ ደወልኩለት። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሲመክረኝ ግን «እህቴ፣ ከተማ ውስጥ አትሽጪው፤ ወደ ገጠር ላኪው፣ ያልቅልሻል» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ምክር ነው። ምክንያቱም እኔም ከዚያ በፊት ለሌሎች ሰጥቼው አውቃለሁ።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ዕቃውን ከመደርደሪያ ላይ ብቻ ሳይሆን ከገዢው እጅም ይሰበስባሉ። ከመልካምነት ብቻ አይደለም፤ ሕግ አለባቸው፣ ክስም ይፈራሉ። አፕል በ2014 (ከአዋጁ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከአይፎን 3ጂኤስ፣ 4 እና 4ኤስ ጋር የሸጠውን የአውሮፓ ቻርጀር ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል ብሎ መልሱልኝ አለ። የተሸጠው ከጥቅምት 2009 እስከ መስከረም 2012 ነበር። መለያው ላዩ ላይ «ኤ1300» የሚል ጽሑፍ ያለበትና «ሲኢ» የሚሉት ፊደሎች ውስጣቸው በግራጫ ቀለም የተሞላ መሆኑ ነው። ቻርጀሩ ሁለት ክብ እግር አለው፤ የእኛ ሶኬት ውስጥ ልክ የሚገባው ማለት ነው። በ2016 ደግሞ ያው ኩባንያ ከ2003 እስከ 2015 የተሸጡ ባለ ሁለት እግር መሰኪያዎችን ሰበሰበ፤ ተሰብረው ሰው ሊያስይዙ ይችላሉ በሚል። በ2019 ተራው የባለ ሦስት እግሩ፣ የእንግሊዙ ዓይነት ሆነ። ያ ደግሞ ኬንያና ዱባይ ግድግዳ ላይ ያለው ነው።

ኤችፒም በ2014 ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ የላፕቶፕ የኤሌክትሪክ ገመድ ሰብስቧል። በመስከረም 2010 እና በሰኔ 2012 መካከል ከተሸጡ ላፕቶፖች ጋር የመጣ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ «ኤልኤስ-15» የሚል ጽሑፍ አለበት። እኔ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚያመጡ ወንድሞች ጋ ስሄድ አሁን መጀመሪያ የማየው ገመዱን ነው። ላፕቶፑ ተጠርጎ፣ ተፈትሾ፣ ዊንዶውስ ተጭኖበት ነው የሚሸጠው። ገመዱን የሚያይ የለም።

የጥሪው ችግር ይህ ነው። ለንደን ያለው የመጀመሪያው ገዢ ማስታወቂያውን በኢሜይል አንብቦታል። ምናልባት ገመዱን ቀይሯል፤ ምናልባት አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ረስቶታል። ከዓመታት በኋላ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ዱባይ ያርፋል፣ መርካቶ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደየክልሉ ይበተናል። ዕቃው አራት እጅ ሲቀያየር ማስታወቂያው የመጀመሪያው እጅ ላይ ቀርቷል።

ጥሪ ድንበር የተሻገረበት ጊዜ የለም አልልም። በሚያዝያ 2024 ናይጄሪያ ውስጥ ቤኒሊን የተባለው የሕፃናት የሳል ሽሮፕ አንድ ባች መርዛማ ኬሚካል ተገኘበት ተብሎ ሲሰበሰብ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌም ከገበያቸው እንዲሰበሰብ አድርገዋል። ይህን ያስቻለው ጠርሙሱ ላይ የታተመው የባች ቁጥር ነው። «ይህ ቁጥር ያለበትን መልሱ» ማለት ይቻላል። እኛ በብዛት የምናመጣው ቻርጀር ላይ ግን ቁጥር የለም፣ የሠራው ፋብሪካ ስም የለም። ያለው የሰው ብራንድ ነው፣ እሱም የተሰረቀ። እንግዲህ ማን ይጥራው? ማንን ይጥራ?

በ2016 ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደህንነት መርማሪ ድርጅት የአፕል ስም የተለጠፈባቸውን 400 ፌክ ቻርጀሮች መርምሮ ፈተናውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ሲከፈት በዓይን ይታያል። ሰፈራችን ያለ የሬዲዮ ጠጋኝ አንዱን ኦርጅናል፣ አንዱን የእኔን ፈትቶ አሳየኝ። ቻርጀር ከግድግዳ 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ዕቃ ነው። 220ው ያለበት ወገንና ስልኩን የሚነካው ወገን እንዳይገናኙ በመካከላቸው በቂ ርቀትና መከላከያ መኖር አለበት። በእኔው ውስጥ ሁለቱ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ፊውዝ የለውም። መብራት ጠፍቶ ከፍ ብሎ ሲመጣ፣ እኛ አገር እንደሚመጣው ማለቴ ነው፣ የሚያስቆመው ነገር የለም። ክብደቱን ስትይዙት ራሱ ያስታውቃል፤ ባዶ የክብሪት ቀፎ የያዛችሁ ይመስላችኋል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ስለው ኖሬያለሁ። የኬንያው ኬብስ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በላኪው አገር እንዲመረመር ያዛል። ኢትዮጵያም የደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አላት፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ለሸማቹ መብት ሰጥቶታል። ግን እውነቱን እንነጋገር። በጎን የሚገባ ካርቶን በምርመራው በር አያልፍም፤ በጎን ያስገባነው ደግሞ እኛ ነን። ያለ ደረሰኝ ገዝተን ያለ ደረሰኝ ሸጠን ስናበቃ፣ ሸማቹ መብቱን በምን ወረቀት ይጠይቅ? እዚህ ሰንሰለት ላይ ገዢውን በመልኩ የሚያውቀው ነጋዴው ብቻ ነው። ኬብስ እኚያን እናት አያውቃቸውም። እኔ አውቃቸዋለሁ።

ታዲያ ለምን ዝም እንላለን? ገንዘብ ነው። ኩባንያው ሚሊዮን ዕቃ ሲሰበስብ ኪሳራውን ይችለዋል። እኔ 64ቱን ስጥል የሁለት ወር የሱቅ ኪራይ ጣልኩ፤ አከፋፋዩ አንድ ሳንቲም አልመለሰልኝም። እግራቸውን በጉጠት ቆርጬ ነው የጣልኳቸው፤ ሙሉውን ብጥለው ልጆች ለቅመው መልሰው ይሸጡት ነበርና። የያቤሎዋ ነጋዴ ስደውልላት መጀመሪያ ዝም አለች። «አንቺ ትመልሽልኛለሽ፣ እኔ ለሸጥኩለት ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ። ልክ ናት። ከ50ው 11 ብቻ መለሰችልኝ፣ ሌላው ከእጇ ወጥቷል። እኔ ብቻዬን ከፈልኩ፣ እሷም ብቻዋን እንዳትከፍል ፈራች። የሚናገር ሰው ብቻውን የሚከስር ከሆነ ማንም አይናገርም፤ ያም ሰው በአከፋፋዬ ምክር መሠረት ካርቶኑን ወደሚቀጥለው ወረዳ ይልከዋል።

ስለዚህ ሐሳቤ ዕቁብ ላይ ነው። ስንጥል ከየዕጣው ትንሽ እንቀንስና ለብቻ ይቀመጥ። አንዱ አባል የሚያቃጥል ዕቃ አግኝቶ ከሸጠበት ሲሰበስብ፣ ካሳው ከዚያ ይከፈለው። ሙሉውን ባይሆን ግማሹን። እድር ለቀብር ያዋጣል፤ ይህ ደግሞ ቀብር እንዳይመጣ ነው። አጭበርባሪ ይገባበታል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ይገባ ይሆናል። የተቃጠለውን ዕቃና የተሰበሰቡትን ቆጥሮ የሚቀበል ሰው ካለ ግን ማጭበርበሩ ቀላል አይደለም፣ ዕቁብ ውስጥም ሰው ሰውን ያውቃል።

ሁለተኛው ደብተር ነው። እኔ አሁን ካርቶን በገባ ቁጥር ቀኑን፣ ከማን እንደገዛሁና የዕቃውን መልክ እጽፋለሁ። እያንዳንዱ ፍሬ ላይ አንድ ፊደልና ቁጥር በማርከር አደርጋለሁ። ፓወር ባንክና ቻርጀር ለሚገዛኝ ሰው ስልክ ቁጥሩን እጠይቃለሁ። ግማሹ ሰው «ምን አገባሽ» ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ስነግረው ግን ይሰጠኛል።

ፓወር ባንክን ካነሳሁ፦ አንከር በሰኔ 2025 አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ «ኤ1263» የተባለውን ሰብስቧል፣ ባትሪው እሳት ስለሚያስነሳ። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላችሁ ካለ ጀርባውን አገላብጣችሁ እዩት። ዱባይ የምትመላለሱ ደግሞ፣ ኤሚሬትስ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ አንድ ፓወር ባንክ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ አውሮፕላን ውስጥ መጠቀምም ከልክሏል። አየር መንገድ ካቢኔው ውስጥ የፈራውን እኛ ልጆቻችን ትራስ ሥር እናስቀምጠዋለን።

አሁን የራሴን ጥሪ ልጥራ። ባለፈው በጋ ሞያሌ፣ ኢትዮጵያ በኩል ካለው ሱቄ ነጭ፣ አንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው፣ ቀዳዳው ዙሪያ ሰማያዊ መስመር ያለበት፣ ሲይዙት በጣም የሚቀል ባለ ሁለት እግር ቻርጀር የገዛችሁ አትሰኩት። አምጡልኝ። ደረሰኝ አልጠይቅም፣ እኔም አልሰጠኋችሁምና። ያቤሎ ወይም ከዚያ ወዲያ የገዛችሁትም አምጡልኝ ወይም በሹፌር ላኩልኝ። 85ቱን በችርቻሮ ከሸጥኩት እስካሁን 19 ተመልሷል፤ ከያቤሎው ደግሞ 11። 105 ገና ሰው ቤት አለ።