ጉዟችን የሚለካው በኋለኛው ልጅ ነው

ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ በኮረብታዎቹ ላይ ስለሚያደርገው የሙሉ ቀን የእግር ጉዞ ዘንድሮ ከወላጆች ሁለት ሐሳቦች ቀርበውልናል። አንደኛው ቀድመው ለሚደርሱ ተማሪዎች ሽልማት ይሰጥ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቶሎ የሚደክሙ ልጆች ጉዞውን እንዳያጓትቱ ከትንንሾቹ ጋር ግቢ ውስጥ ይቆዩ ይላል። ሁለቱም በቅን ልቦና የቀረቡ መሆናቸውን እናውቃለን። ሆኖም አንቀበላቸውም። ምክንያታችንን ለማስረዳት ከኡራን ሙቀት ወጣ ብለን ወደ በረዶ አገር እንሂድ።

በረዶ ሲባል ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር ብቻ ለሚያውቁ ልጆቻችን ነገሩ እንግዳ ነው። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ላይ ሰዎች በቡድን ሆነው፣ ረጃጅም የበረዶ መንሸራተቻ እግራቸው ላይ አስረው፣ ከአንዱ የተራራ መተላለፊያ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ይውላሉ። ሽቅብ ሲወጡ ወደ ኋላ እንዳያንሸራትታቸው ከመንሸራተቻው ሥር እንደ ቆዳ ፀጉር ያለው ጨርቅ ይለጥፋሉ፤ አናቱ ላይ ሲደርሱ ይልጡትና ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ባልተረገጠ በረዶ ላይ መንገድ የሚያወጣው የፊተኛው ሰው ከሁሉ በላይ ስለሚደክም ብርቱዎቹ ተራ በተራ ይቀያየራሉ፤ ደካማው በተረገጠው መንገድ ይከተላል። ቀኑ ሲሞቅ በረዶው ስለሚላላና የመናድ አደጋው ስለሚጨምር ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ። የመመለሻ ሰዓትም አስቀድመው ይቆርጣሉ፤ ያ ሰዓት የሚሰላው በፈጣኑ ሰው እርምጃ አይደለም።

ውድድር ከሆነስ? ስዊዘርላንድ ውስጥ ከዘርማት እስከ ቬርቢዬ የሚካሄድ ፓትሩይ ደ ግላሲዬ የሚባል ውድድር አለ። የአገሪቱ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የተራራ ወታደሮቹን ብቃት ለመፈተን የጀመረው ነው። ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን የሚኬደው በሦስት በሦስት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 አንድ ቡድን ሦስቱም አባላት በበረዶ ግግር ስንጥቅ ውስጥ ወድቀው ሞቱ፤ ውድድሩም እስከ 1984 ድረስ ታገደ። በዚህ ዓይነት ቦታ ላይ እንኳ፣ አሸናፊ በሚፈለግበት ጊዜ እንኳ፣ ብቻውን ቀድሞ የሚገባ ሰው የለም።

ወደ አገራችን ብንመለስ፣ በሰሜን ተራሮች ከጨነቅ ተነስቶ የቧሂትን መተላለፊያ አቋርጦ ወደ አምቢቆ የሚወርድ ቡድን ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ተቻኩሎ የወጣ ጎረምሳ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ ዝግ ብሎ የሚራመደው ያልፈዋል። ለነገሩ የኡራን ልጆች ይህን ከእኛ መማር አያስፈልጋቸውም። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ከመንጋው ኋላ የሚሄደው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ የምትጠፋው የቀረችው ናት።

ለሽልማቱ የተከራከሩ አንድ ወላጅ የኬንያዊውን ፊሊፕ ቦይትን ስም አንስተውልን ነበር። ሯጩ ቦይት ፊንላንድ ሄዶ በበረዶ ላይ መንሸራተት ተማረና እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሊምፒክ በ10 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ። 92ኛ፣ ማለትም የመጨረሻ ሆኖ፣ ከአሸናፊው 20 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ገባ። አሸናፊው ኖርዌያዊ ብዮርን ዴሊ መጨረሻው ላይ ጠብቆ አቀፈው። ከስምንት ዓመት በኋላም ሮቤል ተክለማርያም በቱሪን ኢትዮጵያን ወክሎ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪያችን ሆኗል። በሁለቱም እንኮራለን። ነገር ግን ዴሊ ቦይትን የጠበቀው ሜዳሊያውን ካረጋገጠ በኋላ ነው፤ መንገድ ላይ ሊጠብቀው አይገባም ነበር፣ አልጠበቀውምም። ውድድር እንዲህ ነው፤ ለዚያም የስፖርት ቀን አለን፤ ፈጣኖቹ ዋንጫቸውን እዚያ ይውሰዱ። የኮረብታው ቀን ግን ሌላ ነው። ስምንተኛ ክፍል የደረሰና ጉልበት የጠናለት ልጅ የሌላውን ጀሪካን ተቀብሎ መሸከምን፣ እርምጃውን አሳጥሮ ማውራትን የሚለማመድበት ሌላ ቀን በሰሌዳችን ላይ የለም። ደካሞቹን ግቢ ውስጥ ብናስቀር ደግሞ የሚጎዱት እነሱ ብቻ አይደሉም፤ ብርቱዎቹም የሚጠብቁት ሰው ያጣሉ።

ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ እንዲህ ይሆናል። ፀሐይ ሳትበረታ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሳለን። ሁለት መምህራን ከሁሉም ኋላ ይሄዳሉ፤ ከእነሱ ኋላ ማንም አይቀርም። ትልልቆቹ ውኃውን በየተራ ይይዛሉ። ልክ 5 ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው ልጅ ከደረሰበት ቦታ ሁላችንም እንመለሳለን፤ ጫፉ በዓይን ቢታይም፣ ፊተኞቹ ቢያጉረመርሙም። ከወላጆች የምንፈልገው የተዘጋ ጫማ፣ ኮፍያና የተፈረመ የፈቃድ ወረቀት ነው። ልጁ የእግር ሕመም ወይም አስም ካለበት በወረቀቱ ጀርባ ይጻፍልን እንጂ ስሙ ከዝርዝሩ አይውጣ።