ስለ ሜዳችን፣ ስለ ደቻቱና ስለ ምክር ቤት አባላችን አስተያየት



ባለፈው እሑድ ከጧቱ በሦስት ሰዓት የከተማው ምክር ቤት አባል የሆኑት ተመራጫችን ከኒሙ ዛፍ ሥር ተገኝተው ስለ ሰፈራችን ችግሮችና ስለ ከተማው ፕላን ያላቸውን አስተያየት ሰጥተውናል። ቀደም ሲል የጠሩት ስብሰባ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ስለነበረ ማንም አልመጣም ነበር። በድሬዳዋ ሙቀት በስምንት ሰዓት ስብሰባ የሚጠራ ሰው ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው ወይ ሕዝቡ እንዲመጣ አይፈልግም ብለን አምተናቸዋል። የአሁኑን በጧት ማድረጋቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ሰዉም ደህና መጥቷል። እንደ ከተማችን ልማድ «አንተ» እያሉ የጠየቋቸው እናቶችም ነበሩ። እሳቸውም የድሬ ልጅ ናቸውና አልከፋቸውም።

ያልተገኛችሁት ነገሩን በወሬ ሳትሰሙት አልቀራችሁም፤ ወሬው ግን እንደ ልማዱ ሰፍቷል። «ሜዳው ተሸጠ» የሚል ሰው እንዳለ ደርሶናል። ሜዳው አልተሸጠም። ስለዚህ የተባለውን በተባለበት ልክ ማስፈሩን፣ ቀጥሎም የማኅበራችንን አስተያየት መግለጹን ተገቢ ሆኖ ስላገኘነው ይህን ጽፈን ለጥፈናል። ወረቀቱን ለመጠቅለያ የምትገነጥል ወንድማችን፣ እባክህ ጎረቤትህ እስኪያነበው ጠብቅ።

በተመራጫችን አስተያየት ደቻቱ ወንዝ ነው፤ ገበያም፣ መንገድም፣ ቆሻሻ መጣያም መሆን የለበትም። አሸዋው ላይ ሸራ ዘርግተው የሚነግዱት ይነሡ፣ ሲነሡም ምትክ ቦታ ይሰጣቸው ይላሉ። ያ ቦታ የእኛ ሜዳ ቢሆንና በአራት ረድፍ የቆርቆሮ ሼድ ቢሠራበት ነጋዴዎቹም ከጎርፍ ይድናሉ፣ ሰፈሩም መልክ ይይዛል ባይ ናቸው። ይህ ገና ሐሳብ ነው፤ አልጸደቀም። ከዚህም ሌላ ቦዮቻችን የተደፈኑት በራሳችን እጅ መሆኑን፣ ቅያሶቻችንን ያጠበብናቸውም እኛው መሆናችንን ሳይሸሽጉ ነግረውናል። ስለ ፕላኑ ሲጠየቁ ግን «ፕላን የባለሙያ ሥራ ነው፤ እናንተ የቦይና የመብራት ችግራችሁን አምጡልኝ። ፕላኑ ሲጸድቅ ታዩታላችሁ» አሉ።

በቅድሚያ እውነታቸውን እንመስክርላቸው። ባለፈው ወር ከወፍጮ ቤቱ አንሥቶ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቦይ በዘመቻ ስንጠርግ ያወጣነው ምን ነበር? ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ያረጀ ጫማና ገራባ። በተለይ ገራባው! ገራባ ፍየል ትበላዋለች እየተባለ ቦይ ውስጥ ይደፋል፤ ይህ የሚያዋጣው ፍየሏ ቦይ ውስጥ ብትገባ ነበር። አጥሩም እንደዚሁ ነው። ቆርቆሮ በተቀየረ ቁጥር ስንዝር ስንዝር እየተገፋ መጥቶ፣ ድሮ ጋሪ ይገባበት የነበረው ቅያስ ዛሬ ባጃጅ አያስገባም። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና መግባት ካቆመ ቆይቷል፤ የሞላው ሁሉ እንደሞላ ተቀምጧል። ይህች ከተማ የምትጠጣው ከሳቢያንና ከመሳሰሉት ጉድጓዶች የሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ ነው እኮ! ከላይ የሰረገው ከታች መድረሱ አይቀርም። ከተገፉት አጥሮች አንዱ ደግሞ የማኅበራችን ሥራ አመራር አባል አጥር ነው። ስሙን አንጽፍም፤ ይህን ጽሑፍ ግን አንብቦ አብሮን ፈርሟል።

ስለ ደቻቱም የተናገሩትን አንክድም። ወደ ሰፈራችን አዲስ ለገቡና በጊዜው ላልነበሩ ወጣቶች ሲባል ነገሩን እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ያልፍበታል፣ ሰው ከወዲያ ወዲህ ይሻገርበታል። ይህ ነው የሚያታልለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ከደንገጎ በላይ ያለው ደጋ ግን ከ2000 ሜትር ያልፋል። እዚያ የዘነበው ዝናብ ዛፉ በተመነጠረ ዳገት ላይ የሚይዘው ሳያገኝ ተንደርድሮ በአጭር ሰዓት ውስጥ እዚህ ይደርሳል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነው ይኸው ነው። ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያለ ቤት ቀረ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፣ ከተጎዱትም ብዙዎቹ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ እንደገና መጥቶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ግንብ አለ ብሎ መተኛት አይቻልም። ስለዚህ «አሸዋው ላይ ማንም አይኑር፣ በተለይ ማታ ማንም አይደር» የሚለውን ከልብ እንደግፋለን።

ታዲያ የማንስማማው በምኑ ነው?

በሜዳው ነው። ተመራጫችን ሜዳውን ሲያዩ ባዶ ቦታ ነው ያዩት። በወረቀት ላይም ባዶ ሆኖ ሳይታይ አይቀርም። ያቺን ሌሊት ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያየዋል። የታችኛው ሰፈር አምስት ቅያሶች ሁሉም የሚያበቁት እዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳውን የተሻገረ ሰው ነው ወደ አስፋልቱና ወደ ዳገቱ የሚወጣው። በዚያች ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ሰው ልጁን ታቅፎ፣ አሮጊት በጀርባ ታዝላ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይወድቅ ያለፈው ይህ ሜዳ ክፍት ስለነበረ ነው። አንዲት እናታችን በስብሰባው ላይ ተነሥታ «አንተ ልጄ፣ ያኔ እዚህ ላይ በር ቢኖር ኖሮ ቁልፉ ማን ዘንድ ይገኝ ነበር?» አለቻቸው። መልስ አልሰጡም። መልስ ስለሌለው እንጂ ንቀዋት እንዳልሆነ እናምናለን፤ ማስታወሻ ሲጽፉም አይተናቸዋል።

አራት ረድፍ ሼድ ማለት ለዕቃው ጥበቃ ሲባል አጥርና ማታ ማታ የሚቆለፍ የብረት በር ማለት ነው። ጎርፉ ደግሞ የመጣው በሌሊት ነበር።

ሜዳው በሰላሙ ጊዜም ባዶ ሆኖ አያውቅም። የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው፣ የሠርግ ዳስ የሚጣለው፣ ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱት እዚያ ነው። ከእኛ መካከል ዘመዶቹን በኮንዶሚኒየም የሚጠይቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ በመኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል፣ ባለመኪናውና ሐዘንተኛው ይጨቃጨቃሉ። እኛ ይህ ጭቅጭቅ የለብንም። ቢሆንም የምንከራከረው ለድንኳኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድንኳን ሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል። ነፍሱን ይዞ የሚሮጥ ሰው ግን ሌላ መውጫ የለውም።

«ታዲያ ነጋዴዎቹ የት ይሂዱ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አሸዋው ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡት የራሳችን እናቶችና እኅቶች ናቸው፤ ከእኛው ቅያስ ነው ጧት ጧት ተሸክመው የሚወርዱት። ለምን እዚያ ይነግዳሉ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን አልሰማንም። እኛ ጠይቀናል። ኪራይ የለውም፣ ይህ አንዱ ነው። ዋናው ግን መንገደኛው ነው፤ ከወዲያ ማዶ ወደዚህ፣ ከዚህም ወደዚያ የሚሻገር ሰው ሁሉ በፊታቸው ያልፋል። እዚህ ሜዳችን ላይ ከሰፈሩ ሰው በቀር የሚያልፍ የለም። ሼዱ ቢሰጣቸው ሁለት ሦስት ወር ይቀመጡበታል፣ ገበያ ሲያጡ ቁልፉን ለመጋዘን ያከራዩትና ተመልሰው አሸዋው ላይ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ሜዳውንም እናጣለን፣ እነሱም ከጎርፉ አይድኑም።

የእኛ ሐሳብ እንዲህ ነው። ሰው አሸዋውን ተሻግሮ ወደ ላይ በሚወጣበት አፍ ላይ፣ ከግንቡ በላይ፣ በሩ ከተዘጋ ብዙ ጊዜ የሆነው የመጋዘን ግቢ አለ። መንገደኛው የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። ግቢው የማን እንደሆነ፣ ምን እንደታሰበበት የሚያውቀው አስተዳደሩ ነው፤ ተመራጫችን ይህን አጣርተው እንዲነግሩን እንጠይቃለን። ቢቻል ነጋዴዎቹ እዚያ ይግቡ። የመንገደኛው መተላለፊያ ቋሚ ሼድ አይሠራበት፤ ማታ ዕቃው ከመንገዱ ይነሣ። ይህ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ደንገጎ ላይ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር አሸዋው ላይ ማንም ሳይቀር እንዲወጣ የሚያስታውቅ ሰው በየተራ እንመድባለን። ነጋዴዎቹ ራሳቸው ከእኛ ይበልጥ ሰማዩን ያነባሉ፤ የሚያስቸግረው «አሁን ትንሽ ልሽጥና» የምትለው ነገር ናት።

አሁን ወደ ፕላኑ እንመለስ። ተመራጫችን ከዚራን እያሳዩ «ሰፈራችሁ እንዲህ ቢሆን ትጠላላችሁ?» ብለውናል። ማን ይጠላል! ግን ከዚራ እንዴት እንደተሠራ እናስታውስ። ከተማችን የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ከዚራን የነደፉት የባቡር ኩባንያው ፈረንሳውያን ናቸው፤ መንገዱን ቀጥ አድርገው፣ ዛፉን በረድፍ ተክለው፣ ለጣቢያውና ለሠራተኛው እንዲመች አድርገው ሠሩት። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ግን ነጋዴውና ነዋሪው እንደተመቸው እየሠራ ያደገ ነው። ለከዚራ ነዳፊ የነበረው ሰው ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ ለማን እንደሚነድፍ ያውቅ ነበርና። እኛ የምንጠይቀው ለእኛም የሚነድፈው ሰው እንደዚሁ ለማን እንደሚነድፍ እንዲያውቅ ነው። ይህን ደግሞ ሳይጠይቀን ሊያውቅ አይችልም።

«ቦይ የእናንተ፣ ፕላን የባለሙያ» የሚለው ክፍፍል አይገባንም። ከላይ አስፋልቱ ሲሠራ የጎኑ ቦይ በፕላን ተሠርቶ ነው የወረደው፤ በፕላኑ ላይም ያማረ መስመር ሳይሆን አይቀርም። ጫፉ የሚያበቃው ግን በሁለተኛው ቅያስ አፍ ላይ፣ በሰው ደጃፍ ነው። በበልግም በክረምትም ያ ቤት ውሃ ይገባዋል። ነዳፊው ዝናብ ሲጥል አንድ ቀን መጥቶ ቢቆም ኖሮ ይህን ያየው ነበር። ፕላኑን ለማየት ከእኛ ሦስት ሰዎች አንድ ቢሮ ሄደው «ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፣ ሲጸድቅ ትጠራላችሁ» ተብለው ተመልሰዋል። ከጸደቀ በኋላ መጠራት ለማጨብጨብ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ራሱ ሕዝቡ በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ደንግጓል። አዲስ መብት ፈልስፈን አልመጣንም።

ተመራጫችንን በዚህ ጽሑፍ ለመክሰስ እንዳልተነሣን እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። በጸሐይ ቆመው ሰምተውናል፤ የማንወደውን ነገር ፊት ለፊት ነግረውናል። ይህን የማያደርግ ተመራጭ ብዙ ነው። የምንጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። የሰፈራችን ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት፣ ቅያሱና ደጃፉ ተለይቶ በሚታይበት መጠን ታትሞ፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ አንድ ወር ይለጠፍ። ማንበብ የማይችለው ሽማግሌ እንኳ ልጁ ቤቱን በጣቱ ካሳየው ውሃው በየት እንደሚመጣ ይነግረዋል።

ከእኛ በኩል ደግሞ ባዶ እጃችንን አንቀርብም። በመጪው እሑድ ከጧቱ በአንድ ሰዓት አምስቱን ቅያሶች እንለካለን፤ የተገፋ አጥር ሁሉ ይመዘገባል፣ መጀመሪያም የሥራ አመራር አባላችን አጥር ይለካል። ሦስተኛው ቅያስ መምጠጫ መኪናና አምቡላንስ እንዲያስገባ ተደርጎ እንዲሰፋ ባለቤቶቹን እያነጋገርን ነው፤ ሁለቱ ተስማምተዋል፣ አንደኛው እያሰበበት ነው፤ እባካችሁ በየደጃፉ እየሄዳችሁ አታስጨንቁት። የሜዳው ስፋትም ይለካል። በ1998 ዓ.ም. ሌሊት በየትኛው ቅያስ እንደወጣችሁ የምታስታውሱ ሁሉ መጥታችሁ አሳዩን፣ በንድፉ ላይ ምልክት እናደርግበታለን። ተመራጫችን በሳምንቱ ተመልሰው ሊመጡ ቃል ስለገቡልን ንድፉ ያኔ ይሰጣቸዋል።

ገመድ አለን። ረጅም ሜትር ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።

የነዋሪዎች ማኅበሩ ሥራ አመራር