«ፒሲ ግዛ!» መልስ አይደለም

ኮንሶል ላይ ስለሚንቀራፈፍ ጌም ባማረርን ቁጥር አንድ የፒሲ ጌታ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይልና «ጌሙ ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ያንተ ማሽን ነው። ፒሲ ግዛ!» ብሎን እብስ ይላል። ዛሬ ከዚህ ሰውዬ ጋር ሒሳብ አለኝ።

ሳይበርፐንክ 2077ን ውሰዱ። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲለቀው፣ ጥሩ ፒሲ ላይ እውነትም ዓይን የሚያፈዝ ነበር (ሳንካዎቹን ሳንረሳ)። ያኔ ገና በወጣው፣ ብቻውን 699 ዶላር በተተመነለት አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ ያየው ሰው ቢያደንቅ አልፈርድበትም። ያንኑ ጌም በመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን ወይም ፕሌይስቴሽን 4 የከፈተው ግን ያየው ሌላ ነው፤ የደበዘዙ ፊቶች፣ ዘግይተው የሚመጡ ግድግዳዎች፣ በየመሀሉ ራሱን የሚዘጋ ጌም። በሴኮንድ 30 ፍሬም መድረስ አቅቶት፣ ግርግር ሲበዛ ኤክስቦክስ ዋን ላይ ከ20 በታች ይወርድ ነበር። በ30 ፍሬም አንዱ ምስል 33 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይቆያል፤ በ20 ደግሞ 50። ሲጻፍ ትንሽ ይመስላል። መኪና ስትነዱ መሪው ካዘዛችሁት ዘግይቶ ሲዞር ግን ትንሽ አይደለም።

«የ2013 ማሽን ምን እንዲያደርግልህ ትጠብቃለህ?» ይለኛል የፒሲው ጌታ። እስማማለሁ! የፕሌይስቴሽን 4 ፕሮሰሰር በተወለደበት ዓመትም ደካማ ነበር፤ ሃርድ ዲስኩም ያን ሁሉ የከተማ ዕቃ መኪናው በሚሮጥበት ፍጥነት አያቀብልም። ይህን እኔና አንተ ካወቅን ግን ሠሪው አያውቅም? ሳጥኑ ላይ «ፕሌይስቴሽን 4» ብሎ የጻፈው እኮ እሱ ነው። ገንዘቡንም የተቀበለው እሱ ነው።

ደሜን የሚያፈላው ግን ይሄ አይደለም። ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የታደለው የፒሲው ቅጂ ነበር፤ ራሳቸው የቀረጹትን ቪዲዮም እንዳያሳዩ ተከልክለዋል። አለቆቹ ደግሞ በኖቬምበር ለባለሀብቶች «በነባሮቹ ኮንሶሎችም በሚያስገርም ሁኔታ ጥሩ ነው» የሚል ይዘት ያለው ቃል ሰጥተው ነበር። በዚህ መሐል 8 ሚሊዮን ቅጂ አስቀድሞ ተሽጧል፤ ከዚያ 41 በመቶው ለኮንሶል። በኋላ ሜታክሪቲክ ላይ የፒሲው አማካይ 86፣ የፕሌይስቴሽን 4ቱ 57 ሆነ። ሃምሳ ሰባቱ የመጣው ግን ሰው ከከፈለ በኋላ ነው! ሶኒ በዲሴምበር 18 ጌሙን ከመደብሩ አውርዶ ገንዘብ መመለስ ጀመረ፤ እስከ ጁን 2021ም አልመለሰውም። በጃንዋሪ 2021 ከመሥራቾቹ አንዱ ማርቺን ኢዊንስኪ በቪዲዮ ወጥቶ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ መጀመሪያ ለፒሲ አሳምረው ከዚያ ለኮንሶል ለማስተካከል እንደሞከሩ፣ ሥራውንም አቅልለው እንዳዩት ተናገረ።

«አሳምረን እንሥራው፣ ድሃው በኋላ ይታሰብበታል» ማለት ነው በእኛ አማርኛ። ድሃው ደግሞ ጥቂት አልነበረም። በዚያ ሰሞን ፕሌይስቴሽን 4 ከ110 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 5 ግን ከወጣ ገና ወሩ ነው። (የሰፈራችሁ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ያለው ማሽን ስንት ዓመቱ እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።)

እናም ገምጋሚዎችን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ሠሪው የደካማውን ማሽን ቅጂ ካልሰጣችሁ ነጥብ አትስጡ። «ኮንሶሉን እንዳናይ ተከልክለናል» ብላችሁ ርዕሱ ላይ ጻፉት፤ ከታች በትንንሽ ፊደል አይደለም።

«አሁን እኮ ተስተካክሏል» የምትሉኝም አትጠፉም። ለማን? የ2023ቱ ፋንተም ሊበርቲ ሲወጣ ለፒሲ፣ ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ነበር። የፕሌይስቴሽን 4ቱ ባለዲስክ በሴፕቴምበር 2022 በ1.6 እድሳት ተሸኝቷል።