ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ ጉድለቱም አብሮ ይነገር

ያገለገለ ዕቃ መግዛትና መሸጥ በሀዋሳ አዲስ ነገር አይደለም። ቆራሌው በየደጁ እየዞረ አሮጌውን ይሰበስባል፤ ጠጋኙ ይጠግናል፤ ገዢውም በእጁ ዳስሶ፣ በጆሮው አዳምጦ፣ በዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። ዛሬ ግን የዚህ ገበያ አንዱ ክፍል ወደ ቴሌግራምና ወደ ፌስቡክ ተሸጋግሯል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡ በቅጽበት ይተላለፋል። የሀዋሳ ገዢ በአዲስ አበባ የሚገኘውን ሬዲዮ፣ ቴፕ ወይም ስልክ በፎቶግራፍ ብቻ አይቶ ይከፍላል፤ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ ይደርሰዋል።

ፎቶግራፍ ግን የማይናገረው ብዙ ነው። የአሮጌ ቴፕ ላስቲክ በዕድሜ ይላላል፤ ዘፈኑም ይጎተታል። ለአሜሪካ ገበያ በ120 ቮልት እንዲሠራ የተሰናዳ መሣሪያ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ አሮጌ ሬዲዮ የኤፍ.ኤም. ሞገድ የሚቀበለው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ነው፤ በኢትዮጵያ ጣቢያዎቹ እስከ 108 ስለሚዘልቁ አብዛኞቹን አይዝም። ይህን ሁሉ ሻጩ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም።

የዚህ ዐይነቱ ገበያ መጨረሻ ምን እንደሚሆን አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ስለ አሮጌ መኪናዎች ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል። ገዢው ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው መካከለኛ ዋጋ ነው፤ በዚህም ዋጋ ደኅና ዕቃ ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረውም ብልሹው ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ጉድለትን መሰወር የሚጎዳው ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውን ነጋዴ ጭምር ነው።

«ጉድለቱን ከተናገርሁ ማን ይገዛኛል?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ሕጉ ግን አስቀድሞ መልስ ሰጥቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋራ የተስማማና ከጉድለት የነጻ ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢውም የተረከበውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለ ሰጠ፣ በስልክ የተጻፈ ቃል እንደ ነፋስ አልፎ የሚሄድ አይደለም።

ገዢዎች በኢንተርኔት የሚጽፉት አስተያየትም ምስክርነት ነውና ሚዛን ሊኖረው ይገባል። ወዳጅ ለወዳጁ የሚጽፈው ባዶ ምስጋናም ሆነ በቁጣ የተወረወረ ስድብ ለቀጣዩ ገዢ አይጠቅመውም። ምን ቃል እንደ ተገባ፣ ምን እንደ ደረሰና ዕቃው ስንት ጊዜ እንዳገለገለ የሚገልጹ ሦስት መስመሮች ይበቃሉ።

በዚህ ረገድ የሀዋሳ ባለሱቅ ከሩቁ ሻጭ የሚበልጥበት ዕድል በእጁ ነው። ዕቃውን በገዢው ፊት ሰክቶ ማሳየት ይችላል። የተጠገነውን፣ የማይሠራውንና ዕቃው የሚመለስበትን የጊዜ ገደብ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ለስልክም *#06# ሲደወል የሚታየውን መለያ ቁጥር ያክልበት። ይህ ወጪ የለውም፤ የሚያተርፈው ግን ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ ዛሬ ጉድለቱን የተናገረ ነጋዴ ነገ ስለ ደኅናው ዕቃ ሲናገር ይታመናል።